ተመስገን፣ ይገማል

ስልኬ ሲጠራ ሁለቱም እጆቼ እስከ ክርናቸው የጅቡቲ ሕዝብ ውስጥ ነበሩ። አነጋገሬን ይቅር በሉኝ። የፍሳሽ ማጣሪያ ሠራተኛ ስለሆንኩ እኔ ከሕዝብ ጋር የምገናኘው በዚያ በኩል ነው። የመግቢያው ወንፊት ላይ ጨርቅና የጫት ገረባ ተጠምጥሞ እሱን እየነቀልኩ ነበር። የሥራ ጓደኛዬ ሮብሌ ጓንቴን አየና ስቆ ስልኩን ከኪሴ አውጥቶ ጆሮዬ ላይ ደገነልኝ።

«ጋሽ ሲሳይ፣ ሶስና ነኝ። ከድሬዳዋ።»

«ሶስዬ! አባትሽ እንዴት ነው? ዛሬም ሐኪሞቹን ይሳደባል?»



«አባዬ አረፈ። ትናንት ቀበርነው።»

ሰው መርዶ ሲሰማ ፊቱን ይሸፍናል። እኔ በዚያ ጓንት ምን ልሸፍን? እንባዬ ወርዶ አገጬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሮብሌ አማርኛ ግማሹን ነው የሚሰማው፤ ግን ፊቴን አየ። ስልኩን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው እጅጌው አገጬን ጠረገልኝ።

ሶስና አልጨረሰችም ነበር። «የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ የጅቡቲው ሥራው ሁለት መስመር ሆነ። 'በሥራ ላይ አደጋ ደርሶባቸው' ሲባል ደግሞ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ 'በራሱ ዝርክርክነት እኮ ነው' አለ። ሰማሁት። ጋሽ ሲሳይ፣ አባዬ ዝርክርክ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እንግዲያው ለአርባው አንድ ገጽ ጻፍልኝ። እውነቱን። አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ። ሳቅም ጨምርበት፣ ሳቅ ይወድ ነበር።»

እሺ አልኳት። እኔ እሺ ለማለት አፌ ፈጣን ነው። ጠንቄም እሱ ነው፤ እደርስበታለሁ።

አባቷን ጋሽ ንጋቱን ያወቅኩት ከሥራ ተባርሬ ነው። አንድ ዕቃ አስተላላፊ ቤት ጸሐፊ ነበርኩና ኮንቴይነር ጠፋብኝ። አዎ፣ ኮንቴይነር። ሰው ቁልፍ ይጠፋበታል፣ መነጽር ይጠፋበታል፤ እኔ አርባ ጫማ ብረት ጠፋብኝ። ወረቀት ላይ ነው የጠፋው፣ በኋላም ተገኘ፤ እኔ ግን ያኔ ደጅ ነበርኩ። ድሮ የተማርኩትን ኤሌክትሪክ አስታውሼ ማጣሪያው ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። በር ላይ የተቀበለኝ አጭር፣ ጠይም፣ ቀበቶው ላይ በሚስማር ተጨማሪ ቀዳዳ የበሳ ሰውዬ ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ በአማርኛ።

የምድር ባቡሩ ልጅ መሆኔን፣ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሲስ ሰፈር መወለዴን ነገርኩት። የሱም አባት ምድር ባቡር ነበር፤ እሱ ግን የድሬ ልጅ ነው፣ በጎረምሳነቱ ከፉርጎ ወርዶ እዚህ የቀረ።

«እርስዎስ...» ስል ጣቱን አነሳ።

«አንቱ ካልከኝ አረጀሁ ማለት ነው። እኛ ድሬዎች አንቱታ የምናውቀው ለፖሊስ ነው።»

የጅቡቲ ሰዎች ሙሴ ንጋቱ፣ አቶ ንጋቱ እንደማለት፣ ይሉት ነበር። ለሁላችንም አለቃ የነበረው ሼፋችን እንኳ፣ በሹመት ሲበልጠው፣ ሲያገኘው ትከሻውን ያስተካክላል። መቼም መሐንዲስ አልነበረም። አፍንጫ ነበረው። ጠዋት ጠዋት መግቢያው ቦይ ላይ ይቆምና ቆቡን አውልቆ፣ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ያሸታል፤ ቤተክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ ከተማው ያደረውን ይነግረናል። አረፋው ቡላኦስ አካባቢ ሠርግ እንደነበረ፣ ቅባቱ የኛ ሰው ጾም መፍታቱን፣ ቅላቱ የዓረፋ በጎች መታረዳቸውን። ቀን ላይ ጫት የሚገባበት ሰዓት ሲሆን የውሃው መጠን መለኪያ ቁልቁል ይወርዳል። «አሁን ከተማው አፉን ሞልቷል፣ ታች ያለውን የሚያስታውስ የለም» ይላል።

«ከተማ በአፉ ይዋሻል፤ በዚህ በኩል ግን ዋሽቶ አያውቅም።» ይቺን ለማንም እንግዳ ሳይናገር አይቀርም ነበር።

የመስኮቱ ደፍ ላይ ወንፊቱ የያዘውን ዕቃ ይደረድር ነበር፤ ማንኪያ፣ ያንድ እግር ሰንደል ጫማ፣ ስልክ። አንድ ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኘ። አጥቦ፣ ቀቅሎ አስቀመጠው። በሳምንቱ ከሆዳን ሰፈር አንድ የተከበሩ ሰውዬ በታክሲ መጥተው ሹክ አሉት። ጋሽ ንጋቱ ጥርሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸው፣ ሰውየው ዞር ብለው አጠለቁት፣ ሙሉ ፈገግታ ፈገግ ብለው «መርሲ» አሉ። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ ነው የሳቅኩት። ጋሽ ንጋቱ አልሳቀም። «ሰው ክብሩን ፍለጋ እዚህ ድረስ ከመጣ፣ አይሳቅበትም» አለኝ።

መጀመሪያ ቀን ያስተማረኝን ልንገራችሁ፤ የቀረው ሁሉ ከሱ የመጣ ነው። የፓምፕ ጉድጓድ ክዳን ሲከፍት ከኋላው ቆሜ ነበር።

«ወይኔ፣ ሽታው ገደለኝ!» አልኩ።

«እሱ እየገደለህ እስካለ ድረስ አልሞትክም» አለና አስቀመጠኝ። «ስማ። እዚህ ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ። ትንሽ ሲሆን ይገማል። ሲበዛ አፍንጫህን ራሱን ያደነዝዘዋል፣ ምንም አይሸትህም። እፎይ ጠፋልኝ ስትል፣ ሁለት ትንፋሽ፣ አበቃ። ስለዚህ ጉድጓድ ሲገማ እያናገረህ ነው። ዝም ካለህ ሽሽ።»

የዛሬዎቹ አሠልጣኞች ይሄንን ቢሰሙ ፀጉራቸውን ይነጫሉ። ቢገማም ባይገማም ያለ ጋዝ መለኪያ አይገባም ነው የሚሉት፤ ልክ ናቸው። እኛም አንዲት ቢጫ መለኪያ ነበረችን። ውስጧ ያለው ነገር ተቃጠለና በደብዳቤ ተጠየቀ፣ ይመጣል ተባለ። ባትሪዋን ደግሞ አንዱ ነቅሎ ለቢሮው ማቀዝቀዣ ሪሞት አደረገው። ከዚያ በኋላ የሼፉ መሳቢያ ውስጥ ተኛች፤ የቀረን የጋሽ ንጋቱ አፍንጫ ነው።

ስለ ወንዙም ሳልናገር ባልፍ ከመቃብር ተነስቶ ይሰድበኛል። አምቡሊን ወንዝ ብለው የሰየሙት ሰዎች ቀልደኛ መሆን አለባቸው። ዓመቱን ሙሉ ድንጋይና አሸዋ፣ ፍየልና ፌስታል ነው። ተራራው ላይ ዝናብ የጣለ ቀን ግን ጭቃ ተሸክሞ ይመጣና ሰው የወሰደበትን ቦታ በሙሉ ያስመልሳል። እኛ አጣርተን የምንለቀው ውሃ ወንዙ ባሕር ሊገባ ሲል ያገኘዋል። እዚያች ላይ ሸምበቆ በቅሏል፣ እግረ ረጃጅሞቹ ሮዝ ወፎች ይመጣሉ። ጋሽ ንጋቱ ማታ ከሥራ ሲወጣ ሳያያቸው አይሄድም።

«ይሄ ምስኪን የራሱ ውሃ የለውም፤ ወንዝ የሆነው በኛ ሽንት ነው» ይላል። «ታዲያ አናዋርደው።»

አንድ ጊዜ አየር የሚነፋልን ማሽን ቆመና ገንዳው ሞላ። ሼፉ መጥቶ የጎኑ በር ይከፈት፣ ሳይጣራ ወደ ወንዙ ይለቀቅ አለ። ጋሽ ንጋቱ ቆቡን ደፋ። ጃንጥላውን ይዞ ሄደና በሩን የሚከፍተው ትልቅ መሪ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ሙሴ ንጋቱ፣ ውረድ!»

«ዕድሜዬ ገፍቷል ሼፍ፣ መውጣቱን እንጂ መውረዱን አልችልበትም።»

እኔና ሮብሌ በዚህ መሃል ማሽኑን ፈትተን እንገጥማለን። ሠርቶ ሲነሳ ወደኋላ ዞረ። እኔ ነበርኩ፣ ሁለት ሽቦ አቀያይሬ። እንደውም መጀመሪያ የቆመውም በኔ ሽቦ ሳይሆን አይቀርም። ሲመሽ አስተካከልነው፣ ወንዙ ተረፈ። ሼፉ «ምን ነበር ችግሩ?» ሲል ጋሽ ንጋቱ ከመሪው ላይ ሆኖ «ሞተሩ አርጅቷል፣ እንደኔ» አለ። ያኔም ሸፈነኝ። ሼፉ ግን ያችን መሪ አልረሳትም።

ቀጥሎ የዓሳው ነገር መጣ። ያ ዓለምን ቤቷ ያስቀመጠ በሽታ ጋሽ ንጋቱንም ጥሎት ነበር፤ ተነስቶ ሥራ ከገባ ጥቂት ወር ሆኖታል። ባለቤቴ ዓሳ ወጥ ቋጥራልኝ መኪና ውስጥ ረሳሁት፣ በጅቡቲ ፀሐይ። ምሳ ላይ ሳህኑን ስከፍተው ሮብሌ «ወርያ፣ ይሄ ከጉድጓዱ ነው ከቤትህ?» ብሎ በሩጫ ወጣ። ልደፋው ስነሳ ጋሽ ንጋቱ ገባ። ወንበር ሳበ፣ ዳቦ ቆረሰ፣ አጠቀሰ፣ ጎረሰ።

«ሚስትህ እጅ አላት» አለኝ። ሁለተኛ አጠቀሰ።

ከዚያ ፊቴን አየ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ይገማል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ይገማል፣ ጋሼ።»

ዳቦውን አስቀመጠ። «ከበሽታው ወዲህ ነው» አለ። «ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። ድሬ ስሄድ ሶስና ዱቄቷን ሽቶዋን ሁሉ አሽትት አለችኝ። ምንም።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ቆብህን አውልቀህ የምትነግረን?»

«ቀለሙን አያለሁ፤ የቀረውን ቀን መቁጠሪያ ይነግረኛል።» ሊስቅ ሞከረ። «ለሼፉ ብትናገር ነገ ያሰናብተኛል። አፍንጫ የሌለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ጡረታዬ ቅርብ ነው። ደግሞ ቤት ተቀምጬ ምን አደርጋለሁ ሲሳይ?»

አልናገርም አልኩት፣ ማልኩለት። እሱም አፍንጫዬን ትክ ብሎ አየው። አፍንጫዬን ስለማታውቁት ነው፤ ክፍል ውስጥ እኔ ከመግባቴ በፊት ይገባል፣ ፎቶግራፍ ላይ ለብቻው ጥላ አለው። «ይሄን ያህል ዕቃ ተሸክመህ በከንቱ ከምትዞር አበድረኝ» አለኝ።

ዓሳውን በልቶ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ በማየት ብቻ ሁለት ቀን ያመመኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ጉድጓድ ሲከፈት ጎኑ እኔ ነኝ። እጁን ወገቡ ላይ ያደርግና ጮክ ብሎ፣ ለጨዋታ አስመስሎ «ይገማል?» ይላል። እኔም «ይገማል!» እላለሁ። «ተመስገን!» ይልና ገመዱን ታጥቆ ይወርዳል። ለሌላው ሰው ቀልድ ነው። ሮብሌ ሳይቀር ለመዳት፤ ጠዋት በር ላይ ሲያየን እንደ ሰላምታ «ይገማል? ተመስገን!» ይለን ጀመር። ቀልድ አለመሆኑን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ። ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ ነገር በየቀኑ ሲባል? አፍ ይለምደዋል፤ አፍንጫ ቢኖርም ባይኖርም።

ኅዳር ላይ ነው። ሌሊቱን ተራራው ላይ ዘንቦ ጠዋት አምቡሊ መጣ። ከወንዙ ዳር ባለ ዝቅተኛ ሰፈር ያለውን የፓምፕ ጉድጓድ ጭቃና ጨርቅ ዘጋውና ፍሳሹ ወደ ሰው ግቢ ተመለሰ። እኔ ሦስት ቀን ጉንፋን ይዞኛል። ሠላሳ ዲግሪ ሲሆን ብርድ ነው ብለን ሹራብ የምንለብስ ሰዎች ነን፣ በዚያ ላይ ማቀዝቀዣ ከፍቼ ተኝቼ። መኪናው ውስጥ አስነጠስኩ።

«ይማርህ» አለኝ ጋሽ ንጋቱ።

አፍንጫዬን እየጠረግኩ «ያኑርህ» እንኳ አላልኩትም።

ስንደርስ ሰፈሩ ሙሉ ወጥቷል። አንዲት ሴትዮ ባልዲ ይዛ ተቀበለችን፣ በሶማልኛ፣ ሮብሌ እንኳ እስኪያፍር ድረስ። «እናንተ የቆሻሻ ሰዎች! ሳሎኔ ገብቷል! አልጋ አንጥፌለታለሁ፣ ኑና አብራችሁት ተኙ!» ልጆች ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። ሮብሌ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመና እዚያው መሣሪያ ማውረድ ጀመረ። እኛ ክዳኑን ከፈትን። ሌላ ጊዜ ጋሽ ንጋቱ ጉድጓዱ በደንብ ይተንፍስ ብሎ ቁጭ ይላል። ያን ቀን ሴትየዋ ባልዲዋን እግሩ ስር ደፋችበት። ትንሽ ብቻ ቆየ።

«ይገማል?»

«ይገማል!» አልኩ።

«ተመስገን!»

ገመዱን ታጠቀ፣ ጫፉን እኔ ያዝኩ፣ ወረደ።

ለምን አልተናገርክም ብትሉኝ፣ አፍንጫዬ መታፈኑን አውቃለሁ። ጋሽ ንጋቱ እንደማያሸት አውቃለሁ። ሁለቱን ግን አንድ ቦታ አስቀምጬ አይቻቸው አላውቅም። እሱም ይማርህ ያለው በራሱ አፍ ነው፤ እሱም አላስቀመጣቸውም። እስከዚህ ድረስ ልማድ ነው፣ ሰው ይፈርድልኝ ይሆናል።

ጋሽ ንጋቱ ሲወርድ የመሰላሉን እርከን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ከላይ ያለው ሰው ድምፁን እንዲሰማ። አሥራ አራት እርከን ነው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት ሲል ትዝ አለኝ። ምንም አልሸተተኝም እኮ!

ውጣ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን ሰፈሩ ሁሉ ይጮህብናል፣ ያቺ ሴትዮ ከፊቴ ቆማለች፣ ውጣ ካልኩ ለምን ይባላል፤ የሱ ምስጢር ይወጣል፣ የኔም ቂልነት ይወጣል። ደግሞም ምናልባት ደህና ነው አልኩ። ስድስት። ምናልባት ገምቶ እኔን አልሸተተኝ ይሆናላ አልኩ። ሰባት። አሁን ይደርሳል አልኩ። ስምንት።

ዘጠኝን አላለም።

«ጋሼ!» ገመዱ እጄ ላይ ከበደ።

ዘልዬ ገባሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እግሬን ወደ መሰላሉ ሳስገባ ሮብሌ በሩጫ ደርሶ ወገቤን ይዞ መሬት ላይ ጣለኝና ተቀመጠብኝ፤ መቼም ሮብሌ ቀላል ሰው አይደለም። «ሁለተኛ ሬሳ አላወጣም! ገመዱን ሳብ! ሳብ!» ሳብን። አልቻልንም። ያን ጊዜ ከጎኔ ሌላ እጅ ገመዱን ያዘ። ሴትየዋ ነች፣ ባልዲዋን ጥላ። ከኋላዋ ጎረቤቶቿ ተቀበሉ። ሰፈሩ በሙሉ እየጮኸ ጋሽ ንጋቱን እንደ ጀልባ ጎትቶ አወጣው። ቆቡ ታች ቀረ።

ሆስፒታል በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። አጠገቡ እኔ ነበርኩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ጉንፋንህ እንዴት ነው?» አለኝ።

አልወቀሰኝም። እኔም ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከልኩለት።

ከዋናው ቢሮ ሦስት ሰዎች ለምርመራ መጡ። አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጦ ነው የመለሰው። ከመውረዱ በፊት ማን አጣራ ተባለ።

«ራሴ አሸተትኩ» አለ። አንድ ዓመት ከምናምን የባለቤቱን መቃብር አበባ እንኳ ያላሸተተ ሰው! «ገማ። ደህና ነው ብዬ ወረድኩ። አፍንጫዬ አርጅቷል፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰዎቹ ወደኔ ዞሩ። «እንደዚያ ነው?»

አፌ ፈጣን ነው ብያችኋለሁ። «እንደዚያ ነው» አልኩና ፈረምኩ።

ሲወጡ «ጋሼ፣ ለምን?» አልኩት።

እየቆራረጠ ነው የሚተነፍሰው። «አንተ ሦስት ልጆች ታሳድጋለህ። እኔ አንዷን ጨርሻለሁ» አለ። ከዚያ ዓይኑ ትንሽ ሳቀ። «ደግሞ ኮንቴይነር የጠፋበትን ሰው ሌላ ማን ይቀጥረዋል?»

ሼፉ መሪዋን አልረሳም ብያለሁ። ጡረታው ወራት ሲቀረው 'በራሱ ቸልተኝነት' የሚል ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ከወረቀቱ ስር የምስክር ፊርማ አለ፤ የኔ ነው፣ ጅራቷ ረዘም ያለች ፊርማ። ሶስና ልትወስደው መጥታ እቃውን ስትሸክፍ ያንን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ። ሳንባው አልተመለሰም። ድሬ ሆኖ በየቅዳሜው ይደውልልኝ ነበር። «ይገማል?» ይላል። «ይገማል!» እላለሁ። «ተመስገን» ለማለት በመሃል ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ ያችን ሦስት እርከን ልነግረው ስልክ አነሳለሁ፣ ቀልድ አውርቼ እዘጋለሁ። ጉንፋኑን ያውቃል። ከአምስት እስከ ስምንት ያለውን ግን ሳያውቅ ሞተ። እሱ የሸፈነው የረሳን ሰው ነው፤ ትዝ ብሎት ዝም ያለን ሰው አይደለም።

የሶስና ስልክ ከተዘጋ በኋላ ጓንቴን አውልቄ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሮብሌም ተቀመጠ። የአፍንጫውን ነገር፣ የጉንፋኑን ነገር ሁሉ ነገርኩት።

«ስታስነጥስ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ይማርህ ሲልህም መሪ ይዤ ነበር። እሱ እንደማያሸት ግን አላወቅኩም።»

«አምስት ላይ ትዝ ብሎኝ ነበር፣ ሮብሌ።»

«ምን አምስት?»

«እርከኑ። አምስት ሲል አውቄ ነበር። ዝም አልኩ።»

ሮብሌ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ። ያን ቀንም በማግስቱም አላናገረኝም። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ ያችን ሰላምታ አላላትም። እኔ ሰው ሲሰድበኝ እቀልዳለሁ፣ ሲመታኝም እቀልድ ይሆናል፤ ለዝምታ ግን ቀልድ የለኝም።

ገጹን ጻፍኩት። መጀመሪያ የጥርሱን፣ የመሪውን፣ የዓሳውን ብቻ ጻፍኩና ሳነበው ራሴ ሳቅኩ። አሪፍ ነበር። ባለቤቴ አንብባ «ይሄ ያንተ ቀልድ ነው፣ የሱ እውነት የታል?» አለችኝ። ቀደድኩት። እንደገና ስጽፍ እስከ እርከኑ ሄድኩ። ራሴን ስለማውቀው፣ ድሬ ደርሼ ሰው ፊት ስቆም መጨረሻዋን ዘልዬ ሰው አስቄ እንደምቀመጥ ስለማውቀው፣ ቀድሜ ፎቶ አነሳሁትና ለሶስና በስልክ ላክሁላት። ከስሩም ያ ወረቀት ሐሰት መሆኑን፣ አባቷ አንድም ቀን ሳያጣራ እንዳልወረደ፣ ያን ቀንም አጣርቶ እንደነበረ፣ ይገማል ብሎ የጠየቀኝ እኔን እንደሆነ ጻፍኩ። አርባው ላይ ማንም ያንብበው፣ እኔ ካላነበብኩት አንቺ አንብቢው አልኳት።

ማንበቧን ስልኩ ነገረኝ። ሁለቷ ምልክት ሰማያዊ ሆነች። ይኸው አራተኛ ቀኗ ነው፣ መልስ የለም።

ዛሬ ከሰዓት ወንዙ አፍ ላይ ቆሜ ወፎቹን ሳይ ሮብሌ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ልጅቱ መለሰች?»

«አልመለሰችም።»

«ዝም?»

«ዝም።»

ሮብሌ ወደ ውሃው ዞረ። «ሙሴ ንጋቱ ዝም ካለህ ሽሽ ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ።»

«ትገባለህ?»

«እገባለሁ። ቅዳሜ የድሬ ባቡር አለ።»

ሮብሌ ከሸሚዙ ኪስ ሁለት የታጠፉ ትኬቶች አወጣና አንዱን እጄ ላይ አስቀመጠ። ፊቱን አላዞረልኝም፣ ይቅርም አላለኝም።

«ገመዱን የሚይዝ ሰው ያስፈልግሃል» አለኝ።